መርፌና ክር፦ የአደን ሱሪውን እግር አትቁረጡት

የዚህን ወር ጨዋታ ያመጣችልኝ አንዲት እናት ናት። እንጀራ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሳለ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና «መርፌና ክርን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል? እስኪ እህቴ ይሄን እዪልኝ» ብላ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ቅጠልና ቅርንጫፍ የተሳለበት፣ ወፍራም፣ ሁለት ልጅ የሚያስገባ የአደን ሱሪ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የ14 ዓመት ልጅ አላት። የትምህርት ቤት ጓደኛው አባት በየዓመቱ አጋዘን ያድናል፤ ዘንድሮ «ልጅሽ ከእኛ ጋር ይምጣ» አላት። እዚህ ሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ ብርዱ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ሰሞን። አባትየው መጀመሪያ «አይሆንም» አለ። ከዚያ ሰውየውን ቤቱ ሄዶ ተዋወቀው፣ ልጁም የጠመንጃ ደኅንነት ኮርሱን ተምሮ ፈተናውን አለፈ፣ ነገሩ ረገበ። ያልረገበችው አያት ናት። ከጎንደር በስልክ «ስንት ደክመን ከዱር ያወጣነውን ልጅ መልሳችሁ ዱር ልታስገቡት?» እያለች ነው።

እኔ በዚያ ክርክር አልገባም። ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውም የየቤቱ ጉዳይ ነው። የእኔ ጉዳይ ሱሪው ነው። አዲሱ፣ ጥሩ የሚባለው፣ ከመቶ ዶላር ያልፋል፤ እሷ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በ12 ዶላር አገኘችው። ችግሩ የትልቅ ሰው ነው። እግሩ 14 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወገቡም 15 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። «እግሩን በመቀስ ቆርጬ ብሰፋው ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ኸረ በፍጹም! ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዘሽ ቤቴ ነይ አልኳት።

እንዲህ የምለው ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው። የትልቁ ልጄን የመጀመሪያ የበረዶ ሱሪ 8 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ጥሩ አድርጌ ቀመቀምኩለት። በሁለተኛው ክረምት ቁርጭምጭሚቱ ውጪ ቀረ። የቆረጥኩት ጨርቅ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። የሚያድግ ልጅ ሱሪ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም።

ግን ደግሞ ረጅሙን እንዲሁ ጠቅልሎ መልበስም አይሆንም። አዳኞች ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ነው የሚጠብቁት። ጎህ ሳይቀድ በጨለማ በመሰላል ይወጣሉ። ከዚያ መቀመጫ መውደቅ አደን ላይ ከሚደርሱት የተለመዱ አደጋዎች አንዱ ነው። የተጠቀለለ እግር መሰላል ላይ ከተፈታ ጫማ ሥር ይገባል። እናትየዋ ይሄን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «በይ እንጀምር» አለች።

መኪናውን ከመክፈታችን በፊት ግን ኪስ! አሮጌ የአደን ሱሪ ስትገዙ መጀመሪያ ኪሶቹን በሙሉ ገልብጡ፤ ጭን ላይ ያሉትን፣ ኋላ ያለውን፣ ውስጥ የተደበቀውንም። አንዳንዴ ያልተተኮሰ ጥይት ይረሳል። ጥይት ማጠቢያ መኪናም ሆነ ትኩስ ካውያ ሥር መግባት የለበትም። ካገኛችሁ ከልጆች አርቁት፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ለአካባቢያችሁ ፖሊስ በድንገተኛ ባልሆነው ስልክ ደውላችሁ ምን እንደምታደርጉበት ጠይቁ። ከዚህ ሱሪ ኪስ የወጣው የከረሜላ ወረቀት ብቻ ነው፤ ተመስገን።

ከዚያ ማጠብ። ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ውኃ እንዳይገባው የተቀባውን ነገር ያበላሸዋል። ሽታ ያለው ሳሙናም ይቅር፤ አጋዘን በአፍንጫዋ ነው የምትኖረው። (አጋዘን ስል እንደ አገራችን ቀንደ ጠምዛዛዋ አይደለችም፤ እዚህ የሚታደነው ጅራተ ነጩ ነው።) ሲደርቅም ከወጥ ቤት አርቁት። ልጆቻችን «ጃኬቴ ቁሌት ቁሌት ይላል» ብለው ስንት ጊዜ ተነጫንጨዋል? እኛም «ታዲያ ምን አለበት!» ብለናቸዋል። በዚህ አንድ ጉዳይ ግን ልጆቹ ትክክል ናቸው። እናትየዋ ሱሪውን ጋራዥ ሰቅላው ነበር።

አሁን ጨርቁን እወቁት። ውስጡን ገልብጡ። የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ካለው፣ ስፌቶቹም ላይ እንደ ፕላስተር ያለ ነገር ከተለጠፈ፣ ውኃ የማያስገባ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ለዘለዓለም ይቀራል። ስፒል አትውጉበት፤ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። የሰፋችሁበትን መስመርም ከውስጥ በስፌት ማሸጊያ ሙጫ ቀቡት፤ የድንኳንና የካምፕ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ይገኛል። እኛ የያዝነው ያ አልነበረም፤ ላዩ እንደ ብርድ ልብስ የለሰለሰ፣ ገበር የሌለው ፖሊስተር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ለስፌትም የሚመች ነው፤ ሲራመዱበትም አይጮህም።

መርፌ፦ ቤት ውስጥ መኪናው ላይ የተሰካውን አሮጌ መርፌ አውጡትና አዲስ አድርጉ። ለእንዲህ ያለ ወፍራም ጨርቅ ቁጥር 90 ወይም 100 (ፓኬቱ ላይ 90/14 እና 100/16 ተብሎ ይጻፋል)። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ውኃ ይጠጣል፣ እየራሰ ሲቆይም ይበሰብሳል። የስፌቱን ርዝመት 3 ወይም 3.5 ላይ አድርጉት። መኪናችሁ ክር እየዘለለ ካስቸገራችሁ፣ ውጥረቱን ከመነካካታችሁ በፊት መርፌውን ተጠራጠሩ።

ካውያ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በላዩ ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጋችሁ። ናይሎንና ፖሊስተር ይቀልጣል። እኔ አንዴ ነጠላ ተኩሼ ሳላቀዘቅዘው የባለቤቴን የዝናብ ሱሪ ነካሁበት፤ ካውያዬ ላይ የቀረው ጥቁር ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለ።

ልጁን አለበስነው። ሁሉንም ነው ያልኩት፦ ከሥር የሚለብሰውን ሙቀት ሰጪ የውስጥ ሱሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ቦት ጫማ። ባዶ እግሩን ለክታችሁ ከሰፋችሁ ቦቱን ሲያደርግ ሱሪው ወደ ላይ ይሰቀላል። የውስጡ ደግሞ ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቆይና ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል። ቆመ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። ጫፉ ከኋላ በኩል ከወለሉ ሦስት ጣት ያህል ከፍ እንዲል በጠመኔ ምልክት አደረግን።

14 ሳንቲ ሜትሩን እንዲህ አጠፋነው። የድሮውን ቅምቅማት ተረተርንና ከበፊቱ በ4 ሳንቲ ሜትር አስበልጠን ወደ ውስጥ አጥፈን ቀመቀምነው። የቀረውን 10 ደግሞ ከጉልበት በታች፣ ባቱ አካባቢ፣ በአንድ እጥፋት ዋጥነው። ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ እጥፋት 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበላል፤ ጨርቁ ሁለት ጊዜ ነው የሚሄደው። እጥፋቱ ከውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ የሚታየው ዙሪያውን የሄደ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ዥንጉርጉሩ ውስጥ ደግሞ እሱም ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እጥፋቱ ውስጥ ለውስጥ ወደ ታች መተኛት አለበት። ወደ ላይ ካስተኛችሁት እንደ ኪስ ይሆንና ልጁ ሱሪውን ባጠለቀ ቁጥር የእግሩ ጣት እየገባበት ይቀደዳል። ወደ ታች ከሆነ እግሩ አልፎት ይሄዳል። በሁለቱ ጎን ስፌቶች ላይ ብቻ ጫፉን ነካ ነካ አድርጋችሁ በእጅ ያዙት። የእጥፋቱን መስመር በረጅሙ ስፌት፣ 4 ወይም 5 ላይ አድርጋችሁ ስፉት፤ በዓመቱ ስትተረትሩት ጨርቁ ሳይጎዳ በአንድ ሳብታ ይወጣል።

ሁለቱ ጎኖች የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ጨርቁ አራት አምስት ድርብ ይሆናል፤ መኪናው ያጉረመርማል። እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡ፣ በስተቀኝ ያለውን መዘውር በእጃችሁ እያዞራችሁ አንድ አንድ ስፌት ተሻገሩ። ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ወደ ላይ ቀና ካለ፣ ከኋላው በኩል የታጠፈ ካርቶን ሥሩ አስገቡለትና ይስተካከላል። ስንት መርፌ የሚሰበረው እዚህች ቦታ ላይ በመቸኮል ነው።

ወገቡ ነው አስቸጋሪው። 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ የኋላውን መሃል ስፌት ከፍቶ መያዝ ይበቃል። 15 ከያዛችሁ ግን ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጣብቀው ሱሪው ቅርጽ ያጣል፤ ልጁ ሲሰፋም ተመልሶ አይከፈትም። መልሱ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ያነሰውን የትንሹን ልጅ የትምህርት ቤት ሱሪ ገልብጡና ወገቡን እዩ። ረድፍ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ፣ በሁለቱም ጎን አንዳንድ ቁልፍ አለ አይደል? እሱኑ ነው የምንፈልገው። ላስቲኩን አውጡት፤ ካጠረ ደግሞ የስፌት ዕቃ መሸጫ ውስጥ በሜትር ወይም በያርድ ይሸጣል።

የአደን ሱሪው ወገብ ድርብ ከሆነ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ከውስጠኛው ድርብ ላይ ብቻ፣ በግራና በቀኝ የጎን ስፌቶች አጠገብ፣ ላስቲኩን የሚያሳልፍ አንዳንድ ቀዳዳ ሥሩ። መኪናችሁ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ይሰፋል፣ ከዚያ መሃሉ ይከፈታል፣ ተገላቢጦሽ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊት ቁልፍ ስፉ። ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ እየመራችሁ በኋላ በኩል ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው አሳልፉት፣ በሁለቱም ጎን ቆልፉት። ዘንድሮ ሳብ ይደረጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ቀዳዳ ይለቀቃል። ቀበቶ ብቻ ለምን አይበቃም ትሉ ይሆናል። ቀበቶ ያን ሁሉ ጨርቅ አንድ ቦታ ያጉረዋል፣ በላዩ ደግሞ ዛፍ ላይ ሲወጡ የሚታሰረው የደኅንነት ቀበቶ ጭን ላይ አለ። የተጨማደደ ወፍራም ጨርቅ ሥሩ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል።

ጉልበቱ ስስቷል፤ የድሮው ባለቤት ብዙ ተንበርክኮበታል መሰለኝ። እናትየዋ ወዲያው «ያረጀ ጂንስ አለኝ» አለች። እኔም ያው እሱ ነበር የታየኝ። ልጁ ነው ያስቆመን! «ሰማያዊ አይሆንም፣ ኮርሱ ላይ ተምረናል» አለ። እውነቱን ነው። አጋዘን ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አትለይም፤ ሰማያዊን ግን ጥሩ አድርጋ ታያለች። አዳኞች ያንን የሚጮህ ብርቱካናማ ለብሰው የሚገቡትም ለዚሁ ነው፤ ሰው ከሩቅ ያየዋል፣ ለአጋዘኗ ግን ያን ያህል አይጮህም። በሚኒሶታ ሕግ በጠመንጃ አጋዘን አደን ወቅት ቆቡና ከወገብ በላይ ያለው የውጭ ልብስ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት። ሱሪው ዥንጉርጉር መሆኑ ችግር የለውም። በሌላ ክፍለ ግዛት ወይም አገር ያላችሁ ግን የየአካባቢያችሁን ደንብ እዩ።

ስለዚህ እራፊው ከአንድ አሮጌ ቡናማ የሸራ ቦርሳ ተቆረጠ። ቦታውን ልጁ ተንበርክኮ ሳለ ምልክት አድርጉ። ቆሞ ስትለኩት ጉልበቱ ያለበት ቦታና ሲንበረከክ መሬት የሚነካው ቦታ አንድ አይደለም። እንደ ቧንቧ የተዘጋ እግር ላይ በመኪና መጣፍ ስለማይቻል አንዱን ጎን መተርተር ግድ ነው። ከውጭ ሁለት መስመር ስፌት የሚታይበትን ጎን አትንኩ፤ ጠንካራው እሱ ነው። ሌላኛውን ከጉልበቱ በላይና በታች 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርትሩት፣ ጨርቁን ዘርግታችሁ እራፊውን ስፉ፣ ጎኑን መልሳችሁ ዝጉ። የእራፊውን ማዕዘኖች ክብ አድርጓቸው፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሣል።

ድምፁን እንዳትረሱ። ኪሶቹ ክዳን ላይ ያ «ጨረረረር» ብሎ የሚላቀቀው ቬልክሮ ነበር። ጫካ ውስጥ ጸጥ ባለበት ሰዓት ያ ድምፅ አጋዘኗን ያስበረግጋል። ተርትረን ጣልነውና ሰፋፊ ቁልፍ ሰፋንበት፤ በጓንት እጅ የሚቆለፍ። ሌላ ጨርቅ የምትጨምሩ ከሆነም ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በጥፍር ፋቅ ፋቅ አድርጉት። የዝናብ ካፖርት ጨርቅ «ሸር ሸር» ይላል፤ መቀመጫው እንዳይርስ ብላችሁ ብታስገቡት እንኳ ከውስጥ ይሁን እንጂ ከላይ አይሁን።

የእናንተ ሱሪ እንደዚህ ሰፊ ካልሆነ አንድ ፈተና አለ፦ ልጁ እግሩን ወንበር ላይ ይስቀል። እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ከያዘው፣ ያንን መስቀለኛ ስፌት ተርትሩና የሰያፍ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው የመዳፍ ያህል ቁራጭ ጨምሩበት። አጥር መሻገርና መሰላል መውጣት የሚቀለው ያኔ ነው። አስቸጋሪ ስፌት ነው፣ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ሸልሉት።

ልጆች፣ ይቺ ደግሞ የእናንተ ናት። መኪና መስፋት መማር ከፈለጋችሁ ክሩን ከመርፌው አውጡ፣ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት እግሩ ሥር አስገቡና መስመሩን ተከትላችሁ «ስፉ»። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ካረፉ ጎበዝ! ካላረፉ ሌላ ገጽ። ጣታችሁ ከመርፌው ይራቅ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን፣ ሲያልቅም ያን መርፌ ጣሉት፤ ወረቀት ያደንዘዋል። የዛሬው ባለ ሱሪ ሦስት ገጽ ከጨረሰ በኋላ የቀኙን እግር ቅምቅማት ራሱ ነው የሰፋው። ትንሽ ተንጋዷል። እናቱ ልታስተካክለው ስትል «ተዪው፣ የኔ ነው» አላት።

ሥራው ከቡና ጋር አራት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ልጁ ሁሉንም ለብሶ የቤቴን ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጣና ወረደ፤ አራተኛውን መብራት አጥፍተን። እናቱ ታች ቆማ እጆቿን ዘርግታ ነበር፤ አልወደቀም። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ለአያት በቪዲዮ ደወለች። አያት ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አጥብባ አየችው። ስለ ጠመንጃውም ስለ ጫካውም አንድ ቃል ሳትናገር፣ «ያ ጉልበቱ ላይ ያለውን ማን ጣፈው?» አለች። እኔ ነኝ አልኩ። «ደኅና ይዞታል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር የጃኬት ዚፕ ራሱ ሲበላሽ ሙሉውን ዚፕ ሳንቀይር እንዴት እንደምናድነው አሳያችኋለሁ። የተበላሸ ጃኬት ያላችሁ እስከዚያ አትጣሉት።